ኮሎኖስኮፒ ሲደረግ ሕመምንና የሰመመንን ጥልቀት እንዴት እንከታተላለን?

አንድ ጠዋት ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ (ስኮፕ) የትልቁ አንጀት ምርመራ፣ የሚደረግላቸው አባት በግራ ጎናቸው ተኝተዋል። እኔ ራስጌያቸው ቆሜያለሁ። ሳቹሬሽን (በደም ያለው የኦክስጅን መጠን በመቶኛ) 96፣ ግፊት ደህና፣ የልብ ምት ደህና። ጎንበስ ብዬ «አባባ፣ ያምዎታል እንዴ?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ «ምንም አይል ልጄ፣ ተመስገን» አሉኝ። ሞኒተሩም እሳቸውም ሰላም ነው አሉ። ብርድ ልብሱ ከእግራቸው ሸርተት ብሎ ነበርና ላለብሳቸው ዞር ስል ግን ጣቶቻቸውን አየሁ። አሥሩም ጭብጥ ብለው ወደ ውስጥ ታጥፈዋል።

«ዶክተር፣ አንዴ ቆም ይበሉ» አልኩ። ሐኪሙ ቆመ። ስኮፑን ትንሽ ወደ ኋላ ስቦ የተጠመጠመውን አቃናው፤ የሞላውንም አየር መጠጠ። ጣቶቹ እያየኋቸው ተዘረጉ። አንድም ሚሊ ግራም መድኃኒት አልጨመርንም።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት ኢንዶስኮፒ ክፍል ውስጥ ገና ለጀመራችሁ ነርሶችና የአንስቴዥያ ባለሙያዎች ነው። ምርመራው የታዘዘለት ሰውም ቢያነበው ምን እንደሚደረግለት ይገባዋል። የመድኃኒት መጠኖቹን የጠቀስኩት ለጤነኛ አዋቂ ነው። በሥራ ቦታችሁ ያለው ፕሮቶኮልና የሐኪሙ ትእዛዝ ይቀድማሉ።

ሁለት ጥያቄ እንጂ አንድ አይደለም

«ያመዋል ወይ?» አንድ ጥያቄ ነው። «ሰመመኑ ምን ያህል ጠልቋል?» ሌላ ነው። ብዙ ስህተት የሚመጣው ሁለቱን ከመቀላቀል ነው። ዓይኑን የከደነ ሰው ሊያመው ይችላል። ዓይኑን ገልጦ ከእናንተ ጋር የሚጫወት ሰው ደግሞ ምንም ላያመው ይችላል።

መድኃኒቶቹም የተለያዩ ናቸው። ሚዳዞላም ያረጋጋል፣ ያስተኛል፣ የሆነውን ያስረሳል፤ ሕመም ግን አያስታግስም። ፌንታኒልና ፔቲዲን ሕመም ያስታግሳሉ፤ ትንፋሽንም ይቀንሳሉ። ሚዳዞላም ከነዚህ ጋር ሲሰጥ በትንፋሽ ላይ ያለው ጫና ከሁለቱ ድምር ይበልጣል። ሕመምተኛው አሞት ሲንቆራጠጥ ሚዳዞላም ብቻ የምትጨምሩ ከሆነ ዝም አሰኛችሁት እንጂ ሕመሙን አልቀነሳችሁም።

ደረጃ 1፦ መድኃኒት ከመሰጠቱ በፊት መነሻውን ያዙ

መጀመሪያ የሚከታተለው ሰው ማን እንደሆነ ይታወቅ። ፎርሴፕስ (የናሙና መቆንጠጫ) የሚያቀብል፣ ናሙና የሚያሽግ፣ ስልክ የሚያነሳ ሰው ሕመምተኛ መከታተል አይችልም። መካከለኛ ሰመመን ላይ ለአፍታ ቀላል ነገር ማገዝ ይቻላል። ጥልቅ ሰመመን ላይ ግን ሥራው መከታተል ብቻ ነው።

ሳቹሬሽኑን ኦክስጅን ሳታደርጉ ለኩ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። እዚህ ጤነኛ ሰው 93 ወይም 94 ቢያሳይ አይግረማችሁ። መነሻውን ካላወቃችሁ በኋላ 91 ስታዩ ወድቆ ይሁን የራሱ ቁጥር ይሁን መለየት አትችሉም። የጥፍር ቀለም ይጥረግ። ሂና ያለበት ጣት ንባቡን ሊያዛባ ስለሚችል ሌላ ጣት ወይም የጆሮ ጫፍ ተጠቀሙ። የግፊት መለኪያው ካፍ የጣት መለኪያው ባለበት ክንድ ላይ አይታሰር፤ ካፉ በተነፋ ቁጥር ንባቡ ይጠፋል።

ከዚያ ጠይቁ። ሲተኛ ያንኮራፋል? እንቅልፍ ላይ ትንፋሹ ይቆማል የሚል የቤተሰብ ሰው አለ? በፊት ማደንዘዣ ወስዶ ችግር ገጥሞት ያውቃል? የእንቅልፍ ወይም የጭንቀት ክኒን ይወስዳል? መጠጥ ያበዛል? ጫትስ ቅሟል? ጫት የልብ ምትንና ግፊትን ከፍ ያደርጋል። ካልጠየቃችሁ በኋላ ሕመም ነው ብላችሁ ልትተረጉሙት ትችላላችሁ።

ሌሊቱን ሙሉ የአንጀት ማጽጃው ሲያመላልሳቸው ያደሩ ሰዎች ፈሳሽ ጎድሏቸዋል። መድኃኒት ሲሰጣቸው ግፊታቸው ይወርዳል። ውሃም ሆነ የማጽጃው የመጨረሻ መጠን ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ቀለል ያለ ምግብ ደግሞ ቢያንስ 6 ሰዓት ያለፈው መሆኑን አረጋግጡ።

ሳክሽን (ምራቅና ትውከት መምጠጫው) ይሠራል? አብሩና ጆሯችሁን አስጠጉት። ኦክስጅን፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ የሚያስተነፍስ ከረጢት)፣ ኤርዌይ (የአየር መንገድ ክፍት የሚያደርግ ቱቦ)፣ ማርከሻዎቹ ናሎክሶንና ፍሉማዜኒል እጃችሁ የሚደርስበት ቦታ ይሁኑ። ቁልፉ የማን ኪስ እንዳለ በማይታወቅ ቁም ሳጥን ውስጥ ያለ ናሎክሶን እንደሌለ ይቆጠራል።

ደረጃ 2፦ ከሕመምተኛው ጋር ቋንቋ ተስማሙ

ይህን ደረጃ ብዙዎች ይዘሉታል። እኔ ግን ከማሽኑ ሁሉ የማስበልጠው ይህን ነው።

የኛ ሰው በተለይም ትልቅ ሰው «አመመኝ» ማለት ይከብደዋል። ሐኪሙን ያስቸገረ ይመስለዋል። ስለዚህ መድኃኒቱ ሳይሰጥ፣ ገና ሙሉ ንቃት ላይ እያሉ እንዲህ በሏቸው፦ «እማማ፣ ሲያምዎት ከነገሩኝ ዶክተሩ መንገዱን ያስተካክላል። ዝም ካሉ ግን እኛም አናውቅም።» ሕመሙን መናገር ለሥራው እንደሚጠቅም ሲገባቸው ይናገራሉ። «ትንሽ ይቻሉት» የሚለውን አረፍተ ነገር ከአፋችሁ አውጡት።

ቁጥር የሚስማማው ሰው ከ0 እስከ 10 ይናገር። 0 ምንም ሕመም የለም፣ 10 ከዚህ የባሰ የለም ማለት ነው። ቁጥሩ ግር ያለው ሰው «የለም፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ከባድ» ይበቃዋል። መናገር ቢያቅት ደግሞ የእጅ ምልክት ይኑራችሁ፦ «እጄን አንዴ ከጨበጡኝ ደህና ነዎት፣ ሁለቴ ከጨበጡኝ አሞዎታል ማለት ነው» በሏቸው። ሕመምተኛው አማርኛ ካልቻለ «ያምሃል?» እና «በደንብ ተንፍስ» የሚሉትን በቋንቋው ከአስታማሚው ተማሩ። በሰመመን ያለ ሰው በእናቱ ቋንቋ ሲጠራ ቶሎ ይመልሳል።

ደረጃ 3፦ የሰመመኑን ጥልቀት በድምፅና በእጅ ለኩ

ሰመመን አራት እርከን አለው፦ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ጥልቅና ሙሉ ማደንዘዣ። ለአብዛኛው ኮሎኖስኮፒ የምንፈልገው መካከለኛውን ነው። ሰውየው ያንቀላፋል፤ ሲጠሩት ወይም ነካ ሲያደርጉት ግን አውቆ ይመልሳል። በራሱም ይተነፍሳል። በእርከኖቹ መካከል አጥር የለም። መካከለኛ ብላችሁ የጀመራችሁት ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ጥልቅ ሊገባ ይችላል።

ራምሴ የሚባለው ባለ 6 ነጥብ መለኪያ ከ1974 ጀምሮ ያለ ነው። እኔ ግን ለኢንዶስኮፒ የሚቀናኝ ኤም ኦ ኤ ኤ ኤስ (MOAA/S) የሚባለው የንቃት መለኪያ ነው፤ ከ5 ወደ 0 ይወርዳል።

5 — ስሙን በተለመደ ድምፅ ስትጠሩት ወዲያው ይመልሳል።
4 — በተለመደ ድምፅ ስትጠሩት ይመልሳል፤ ግን ዘግየት፣ ደከም ብሎ።
3 — የሚመልሰው ጮክ ብላችሁ ወይም ደጋግማችሁ ስትጠሩት ብቻ ነው።
2 — ድምፅ አልበቃውም፤ ትከሻውን ነካ ነካ ወይም ወዝወዝ ስታደርጉት ይመልሳል።
1 — የሚመልሰው የትከሻ ጡንቻው ተቆንጥጦ ሲያመው ብቻ ነው።
0 — ለዚያም አይመልስም።

ከ2 እስከ 4 መካከለኛ ነው። እኔ 3 እና 4 ላይ እንዲቆይ እፈልጋለሁ። 2 ሲደርስ ተጨማሪ መድኃኒት አይሰጥም፤ ዓይኔም ከደረቱ አይነሳም። 1 እና 0 ከታቀደው በላይ ጠልቋል ማለት ነው። አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙ፦ ሲቆነጠጥ እጁን መሸሹ ብቻውን «መለሰ» አያሰኝም። አውቆ የተደረገ መልስ ያስፈልጋል።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በተለመደ ድምፅ፣ ስሙን ወይም የለመደውን አጠራር ተጠቀሙ፦ «አባባ» ወይም «እማማ»። ካልመለሰ ጮክ በሉ። ካልመለሰ ትከሻውን ነካ አድርጉ። ሲመልስ የሚሠራው ነገር ስጡት፦ «እጄን ጨበጥ ያድርጉኝ… ጎሽ፣ አሁን በደንብ ይተንፍሱ።» በዚህ አንድ ጥያቄ ጥልቀቱንም ለካችሁ፣ ትንፋሹንም አነቃችሁ። 1 መሆኑን ለማረጋገጥ ብላችሁ በየደቂቃው ሰው አትቆንጥጡ። ለትከሻ ንካታ ካልመለሰ ወደ ደረጃ 6 ሂዱ።

በየ3 እስከ 5 ደቂቃው ጠይቁ። ግፊት ቢያንስ በየ5 ደቂቃው ይለካ። የልብ ምትና ሳቹሬሽን ያለማቋረጥ ይታዩ። የሳቹሬሽኑን ድምፅ አታጥፉት፤ ቁጥሩ ሲወርድ ድምፁም ስለሚወፍር ስክሪኑን ሳታዩ ጆሯችሁ ይሰማዋል።

መድኃኒት በተሰጠ ቁጥር ጠብቁ። ሚዳዞላም በደም ሥር ሲሰጥ መሥራት የሚጀምረው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው፤ ጉልበቱ የሚታወቀው ከዚያም ቆይቶ ነው። ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም ይሰጥና ቢያንስ 2 ደቂቃ ሙሉ ይጠበቃል። ለሽማግሌና ለደካማ ሰው መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል፤ ጥበቃው ይረዝማል። «አልያዘውም» ብሎ በ40 ሴኮንድ መድገም ሁለቱን መጠን አንድ ላይ ማድረስ ነው።

ደረጃ 4፦ ትንፋሹን ተከታተሉ፤ ሳቹሬሽን ትንፋሽ አይደለም

ይህን በደንብ አንብቡልኝ። ሳቹሬሽን የሚነግራችሁ በደሙ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንዳለ ነው። ሰውየው እየተነፈሰ መሆኑን አይነግራችሁም። አፍንጫው ላይ ኦክስጅን ካደረጋችሁለት ሳንባው ውስጥ ስንቅ ይጠራቀማል። ትንፋሹ ቢቆም ስንቁ እስኪያልቅ ድረስ ቁጥሩ 97፣ 98 እያለ ይቆያል። ሲወርድ ደግሞ ቁልቁል ነው። ኦክስጅን መስጠት ተገቢ ነው፤ ግን ማንቂያውን እንደሚያዘገየው እወቁ።

ካፕኖግራፊ ያለው ክፍል ዕድለኛ ነው። በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በማዕበል ያሳያል። የተለመደው ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። ደጋ የሚኖር ሰው መነሻው ከዚህ ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል። ከቁጥሩ ይበልጥ ማዕበሉን እዩ። ማዕበሉ ዝርግ ከሆነ ቱቦው ወልቋል ወይም ትንፋሽ የለም። መጀመሪያ ሰውየውን፣ ከዚያ ቱቦውን እዩ።

ካፕኖግራፊ ከሌለ እጃችሁ አለ። መዳፋችሁን ደረቱ ላይ አኑሩና ደቂቃውን ሙሉ ቁጠሩ። ሆዱን አይታችሁ አትወስኑ፤ አየር ይነፋል፣ ረዳቱም ይጫነዋል። ስክሪኑ እንዲታይ ተብሎ መብራት በሚጠፋባቸው ክፍሎች ፊቱ ላይ አንድ መብራት ይኑር። የከንፈር መጥቆር በጨለማ አይታይም። ማንኮራፋት ከሰማችሁ ጥሩ እንቅልፍ ነው አትበሉ፤ የአየር መንገዱ በከፊል ተዘግቷል። አገጩን ቀና አድርጉለት። ትንፋሹ በደቂቃ ከ8 ካነሰ ቀስቅሱት።

ደረጃ 5፦ ሕመሙን ከስኮፑ መንገድ ጋር አንብቡት

ካሜራው ትልቁን አንጀት ሲያልፍ ሕመሙ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ዋናው ቦታ ሲግሞይድ ነው፤ በግራ በኩል እንደ እባብ የተጠማዘዘው ክፍል። ስኮፑ እዚያ ቀለበት ይሠራል፤ ሉፕ እንለዋለን። ሐኪሙ ሲገፋ ጫፉ ወደፊት አይሄድም፤ ቀለበቱ ይሰፋና አንጀቱን ከነማሰሪያው ይወጥረዋል። ያ ውጥረት ነው የሚያመው። ቀጥሎ ከጣፊያው ሥር ያለው ጥምዝና ሆድን አግድም የሚያቋርጠውና መሐሉ ላይ ወደ ታች የሚረግበው ክፍል ናቸው።

ሰውየው የሚጠቀመው ቃል ይረዳችኋል። «ነፋኝ» ካለ አየር በዝቷል። «ቆረጠኝ» ካለ ብዙ ጊዜ ሉፕ ነው። «ወጋኝ» ካለና ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ተተክሎ ስኮፑ ሲመለስም አልለቅ ካለ ሐኪሙ ቆሞ እንዲያስብ አድርጉ፤ የአንጀት መበሳት ከሚጠረጠርባቸው ምልክቶች አንዱ ነው። ቃሉ ፍርድ አይደለም፤ የት መፈለግ እንዳለባችሁ ግን ይጠቁማል።

ቃል ከሌለ ሰውነቱን አንብቡ። ቅንድብ ይኮማተራል፣ ጥርስ ይነከሳል፣ እጅ የአልጋውን ብረት ይጨብጣል፣ ትንፋሽ ይያዛል፣ ጉልበት ወደ ሆድ ይሳባል። የእግር ጣቶችን አትርሱ። የልብ ምት መጨመር ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። እንዲያውም አንጀት ሲወጠር ምቱ ሊወርድ ይችላል። ከ50 በታች ሲወርድና ሰውየው ሲያልበው ስኮፑ ይቁም፣ አየሩ ይመጠጥ፣ ሉፑ ይፈታ። አብዛኛው በዚህ ይመለሳል። ካልተመለሰ የሚሰጥ አትሮፒን (የልብ ምት የሚጨምር መድኃኒት) አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ።

ሕመም ስታዩ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «አሞታል፣ 6 ብሏል።» ሐኪሙ ይቁም፤ ስኮፑን ስቦ ያቃና። የገባው አየር ይመጠጥ። በአየር ፋንታ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወይም ውሃ መጠቀም ከተቻለ ሕመሙን ይቀንሳል። ረዳቱ ሆዱን በልክ ይጫን፤ ወይም ሕመምተኛው በጀርባው ይዙር። ይህ ሁሉ ተሞክሮ ካልረዳ ነው ማስታገሻ የሚጨመረው።

ምክንያቱ እዝነት ብቻ አይደለም። ሕመም ራሱ ሰውን ያነቃል፤ ትንፋሹንም ይቀሰቅሳል። ሉፕ እንደተወጠረ ፌንታኒል ብትጨምሩ ሰውየው ያንን ሁሉ መድኃኒት ተቋቁሞ ነቅቶ ይቆያል። ከዚያ ሉፑ ይፈታል፤ ስኮፑ ትልቁ አንጀት ሲጀምር ያለው ከረጢት፣ ሲከም፣ ይደርሳል፤ መመለስ ይጀምራል። ሕመሙ ጠፋ። መድኃኒቱ ግን አለ። የሚቀሰቅሰው ነገር የለምና በአንዴ ይጠልቃል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ «ደረስን» ብሎ የሚዝናናበት ሰዓት ለትንፋሹ አስጊው ሰዓት ነው። ሲከም ሲደረስ ወዲያው ጥሩት፤ ከ2 ደቂቃ በኋላ እንደገና ጥሩት።

መጨረሻ ላይ ምቾቱን በግሎስተር መለኪያ መዝግቡ፦ 1 ምንም ሕመም የሌለ፣ 2 አንዴ ወይም ሁለቴ በቀላሉ የታለፈ፣ 3 ከሁለቴ በላይ ሆኖ የተቻለ፣ 4 ብዙ ጊዜ የመጣ ጠንከር ያለ፣ 5 በተደጋጋሚ የመጣ ከባድ።

ቢወራጭስ?

የተወራጨ ሁሉ መድኃኒት ያነሰው አይደለም። መጀመሪያ ኦክስጅኑን እዩ፤ አየር ያጠረው ሰው ይወራጫል። እሱን ማስተኛት መግደል ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ሕመሙን እዩ። ሁለቱም ደህና ከሆኑና ሰውየው ሚዳዞላም ከወሰደ በኋላ የሚለፈልፍ፣ የሚያለቅስ ወይም ቱቦ የሚነቅል ከሆነ መድኃኒቱ ግልባጩን ሠርቶበት ይሆናል። ያኔ ሚዳዞላም መጨመር ያብሰዋል።

ደረጃ 6፦ ከጠለቀ

መድኃኒቱንም ስኮፑንም አቁሙ። «እርዳታ» ብላችሁ ጥሩ። ሕመምተኛውን በስሙ እየጠራችሁ ወዝውዙት። አገጩን ቀና፣ መንጋጋውን ወደፊት። ኦክስጅን ጨምሩ። አልተነፍስ ካለ በጀርባው አዙሩትና በአምቡ ባግ ተንፍሱለት። መድኃኒት ፍለጋ ትንፋሽ አያዘግይ።

ፌንታኒል ወይም ፔቲዲን ከወሰደ ናሎክሶን ከ0.1 እስከ 0.2 ሚሊ ግራም ተሰጥቶ በየ2 እስከ 3 ደቂቃው ይደገማል። ለሚዳዞላም ፍሉማዜኒል 0.2 ሚሊ ግራም በ15 ሴኮንድ ይሰጣል፤ በየደቂቃው እየተደገመ እስከ 1 ሚሊ ግራም ይደርሳል። የሚጥል በሽታ ያለበት ወይም የእንቅልፍ ክኒን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው በፍሉማዜኒል ሊንቀጠቀጥ ይችላል። ሁለቱም ማርከሻዎች ካረከሱት መድኃኒት ቀድመው ሊያልቁ ይችላሉ፤ ሰውየው ተመልሶ ሊጠልቅ ይችላል። ማርከሻው ከተሰጠ በኋላ ቢያንስ ለ2 ሰዓት ያህል ከዓይናችሁ አይራቅ።

ፕሮፖፎል የሚባለው የማስተኛ መድኃኒት ማርከሻ የለውም። ከ30 እስከ 60 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ያስተኛል። የመተንፈሻ መንገድ መያዝ የሠለጠነ ሰው በሌለበት አይሰጥም። ኬታሚን የሚባለውን ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ደግሞ ዓይኑን ገልጦ ላይመልስ ይችላል፤ ከላይ ያለው ቁጥር አይሠራበትም። ትንፋሹን፣ ግፊቱንና ምራቁን ተከታተሉ።

ደረጃ 7፦ ማገገሚያ ክፍል

ስኮፑ ወጣ ማለት መድኃኒቱ ወጣ ማለት አይደለም። በየ15 ደቂቃው አልድሬት በሚባለው መለኪያ እንቅስቃሴውን፣ ትንፋሹን፣ የደም ዝውውሩን፣ ንቃቱንና ሳቹሬሽኑን ለኩ። ለእያንዳንዱ እስከ 2 ነጥብ አለው። ከ10 ቢያንስ 9 ያስፈልጋል። ሆዱን ዳስሱ። ጋዝ ሲወጣ የሚቀል ሕመም የተለመደ ነው። እየባሰ የሚሄድ ሕመምና እንደ ሰሌዳ የጠነከረ ሆድ ግን ሐኪም ያስጠራል።

የቤት ምክሩን ለአስታማሚው ንገሩ፤ ጽፋችሁም ስጡ። 24 ሰዓት መኪና አይነዳም፣ አልኮል አይጠጣም፣ ውል አይፈርምም። ብርቱ የሆድ ሕመም፣ ብዙ ደም፣ ትኩሳት ወይም የማያቋርጥ ትውከት ካለ በዚያው ሌሊት ይመለሳል። ለሕመምተኛው ብቻ ብትነግሩት «እሺ» ይላችኋል፤ ማታ አንዱንም አያስታውስም።

ስለዚህም ነው ሕመሙን በሰዓቱ የምንጽፈው። ሚዳዞላም ስለሚያስረሳ ከሥራው በኋላ የሚሰጥ ቁጥር በሥራው ጊዜ የነበረውን አይነግርም። ሁለቱንም ጻፉ። አባባን ማገገሚያ ክፍል ሻይ እየጠጡ አገኘኋቸውና «ሕመሙ እንዴት ነበር?» አልኳቸው። ቀና ብለው «ጀመራችሁ እንዴ?» አሉኝ። ወረቀታቸው ላይ ግን እንዲህ ተጽፏል፦ «3:20፤ ሲግሞይድ፤ ጥልቀት 4፤ ደህና ነኝ ይላሉ፣ የእግር ጣት ታጥፏል። 3:22፤ ሉፕ ሲፈታ ጣት ተዘርግቷል፤ መድኃኒት አልተጨመረም።» በሌላ ጊዜ የሚያያቸው ሐኪም ሲግሞይዳቸው ላይ ቀስ እንዲል ይህ ወረቀት ፋይላቸው ውስጥ ተያይዟል።